መሪውን የያዘው ማን ነው?
ራሳቸውን ስለሚነዱ አውቶሞቢሎች የተደረገ አጭር ጥናት

መግቢያ

አውቶሞቢል የሚሠሩ ታላላቅ ኩባንያዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አዲስ እሽቅድምድም ይዘዋል። የቀድሞው እሽቅድምድም በሞተር ጉልበት፣ በፍጥነትና በውበት ነበር፤ የዛሬው ግን ነጂውን ከድካሙ ለማሳረፍ፣ ቢቻልም ጨርሶ ለማሰናበት ነው። አንዱ ኩባንያ «የእኔ መኪና ራሱን በራሱ ይነዳል» ብሎ ያውጃል፤ ሌላው «እኔ ቀድሜዋለሁ» ይላል፤ ሦስተኛው ብዙ ሳይናገር ይሠራል። በእኛም መካከል በምሳ ሰዓት ይህ ነገር ሲነሣ ጠረጴዛው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ከእንግዲህ ነጂ አያስፈልግም» ሲል፣ ግማሹ «ነገሩ ሁሉ የነጋዴ ወሬ ነው» ይላል። እንደ እኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። የተሳሳቱበትም ምክንያት አንድ ነው፤ ሁሉም «መኪናው ምን ያህል ይችላል?» ብለው ይጠይቃሉ እንጂ «ሰው ቢገጭ ተጠያቂው ማን ነው?» ብለው አይጠይቁም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን አቁመን በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ልንመዝናቸው አስበናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

፩፤ የነገሩ አመጣጥ

ነጂን የሚያግዝ መሣሪያ ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም። በ1958 ክራይዝለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቶ መኪናው ፍጥነቱን እንደ ጠበቀ እንዲሄድ የሚያደርግ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያውን የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። በ1978 መርሴዲስ ቤንዝ ከቦሽ ኩባንያ ጋር ሆኖ ነጂው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ጎማዎቹ ተቆልፈው እንዳይንሸራተቱ የሚከላከል መሣሪያ አወጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከፊት ያለውን መኪና በራዳር እየለካ ርቀቱን የሚጠብቅ መሣሪያ መጣ። በ2008 ደግሞ ቮልቮ በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲኬድ ነጂው ቢዘናጋ በራሱ ፍሬን የሚይዝ መኪና ሸጠ።

እነዚህ ሁሉ አጋዦች ናቸው። ነጂው ነጂ መሆኑን አንዳቸውም አላናወጡም፤ አደጋ ቢደርስ ማን ይጠየቅ የሚል ክርክርም አላስነሡም።

ነጂውን የመተካቱ ሐሳብ በሌላ በኩል መጣ። በጀርመን አገር ኤርንስት ዲክማንስ የተባሉ ፕሮፌሰር በ1980ዎቹ ካሜራና ኮምፒዩተር በመኪና ላይ ጭነው መንገድ እንዲያይ አስተማሩት፤ በ1995ም ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ከሙኒክ እስከ ዴንማርክ ድረስ አንድ መርሴዲስ አብዛኛውን መንገድ ራሱን እየነዳ እንዲሄድ አደረጉ። በአሜሪካ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት በ2004 በሞሃቬ ምድረ በዳ ውድድር አዘጋጀ። በዚያ ዓመት ከተወዳደሩት አንድም መኪና አልጨረሰም፤ ከሁሉ የተሻለው የተጓዘው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን አምስት መኪናዎች 212 ኪሎ ሜትሩን ፈጸሙ፤ አንደኛ የወጣውም የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መኪና ነበር። ልብ እንበል፤ ይህን በር የከፈቱት ከፋብሪካዎቹ ይልቅ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው።

፪፤ የደረጃዎቹ ትርጉም

በ2014 የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ነገሩን ከ0 እስከ 5 በሚደርሱ ስድስት ደረጃዎች ከፈለው። በ0 ደረጃ ሰው ሁሉን ይሠራል። በ1 ደረጃ መሣሪያው ወይ ፍጥነቱን ወይ መሪውን ይይዛል። በ2 ደረጃ ሁለቱንም ይይዛል፤ ሆኖም ሰውዬው ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ማንሣት አይፈቀድለትም። በ3 ደረጃ በተወሰነ መንገድና ሁኔታ መኪናው ራሱ ይነዳል፤ ሰውዬው ሌላ ነገር ሊሠራ ይችላል፤ ሲጠራ ግን መሪውን መረከብ አለበት። በ4 ደረጃ በተወሰነ ክልል ውስጥ ነጂ ጭራሽ አያስፈልግም። በ5 ደረጃ መኪናው ሰው በሚደርስበት መንገድ ሁሉ ያለ ሰው ይሄዳል፤ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ማንም የለም።

ይህን በአገራችን ምሳሌ እንግለጸው። በበቅሎ የሚጓዝ ሰው በቅሎዋ መንገዱን ስለምታውቅ ልጓሙን ላላ አድርጎ ይሄዳል። ነገር ግን በቅሎዋ ከሰው ማሳ ገብታ እህል ብትበላ ዳኛ ፊት የሚቆመው ባለቤቱ እንጂ በቅሎዋ አይደለችም። 2ኛው ደረጃ ይህ ነው። አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚሄድ ሰው ግን እንቅልፍ ቢወስደው የሚወቅሰው የለም፤ አደጋ ቢደርስም የሚጠየቀው ባለ አውቶቡሱ ነው። 4ኛው ደረጃ ይህ ነው። በቁጥር ሲታይ ከ2 እስከ 3 አንድ እርምጃ ነው፤ በኃላፊነት በኩል ሲታይ ግን ከሁሉ የሚሰፋው ገደል እርሱ ነው። ከገደሉ ወዲህ የሚጠየቀው ሰው ነው፤ ከገደሉ ወዲያ የሚጠየቀው ሠሪው ነው። ተወዳዳሪዎቹን የምናየው በዚህ ገደል ግራና ቀኝ አሰልፈን ነው።

፫፤ ተወዳዳሪዎቹ ጎን ለጎን

ሀ) ቴስላ። ከሁሉ ይበልጥ ስሙ የሚጠራው ይህ ኩባንያ ነው። በ2015 መሪንና ፍጥነትን የሚይዘውን መሣሪያ ለደንበኞቹ ሲለቅ «አውቶፓይለት» አለው፤ ኋላም የበለጠውን መሣሪያ «ሙሉ በሙሉ ራሱን የሚነዳ» ብሎ ሰየመው። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» እንደ ተባለ፣ ስሙን የሰማ ገዢ ሁሉ መኪናው በእርግጥ ራሱን ይነዳል ብሎ አመነ። በውስጥ ያለው ጽሑፍ ግን ነጂው ዘወትር እንዲጠባበቅ ያዝዛል፤ ስለዚህ መሣሪያው በ2ኛው ደረጃ ነው። በግንቦት 2016 በፍሎሪዳ አንድ ቴስላ መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ሥር ገብቶ ነጂው ሞተ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪ ቦርድ ነገሩን መርምሮ፣ ነጂው በመሣሪያው ላይ ከመጠን በላይ እንደ ተማመነ፣ የመሣሪያውም አሠራር ይህን እንደ ፈቀደለት ገለጠ። ኤሎን መስክ በ2019 በሚቀጥለው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነጂ የሌላቸው ታክሲዎች ይኖሩናል ብሎ ነበር፤ ዓመቱ መጣ፣ ታክሲዎቹ ግን አልመጡም። በታኅሣሥ 2023 ነጂው መጠባበቁን የሚቆጣጠርበት መንገድ በቂ አይደለም ተብሎ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪናዎች ሶፍትዌራቸው እንዲታረም ተደረገ፤ በ2024ም ከትልቁ ስም አጠገብ «በሰው ቁጥጥር» የሚል ቃል ተጨመረ። በሰኔ 2025 ኩባንያው በኦስቲን ከተማ የታክሲ ሥራ ሲጀምር የኩባንያው ሠራተኛ ከነጂው ወንበር ጎን ተቀምጦ ነበር።

ከዚህ ጋር ቴስላ የሠራውን መካድ ተገቢ አይደለም። ሌሎቹ በጥቂት መንገዶች ላይ ሲወሰኑ እርሱ መኪናውን በከተማም በገጠርም እንዲሄድ አድርጓል፤ መሣሪያውንም ተራ ገዢ እጅ አድርሷል። ከ2021 ጀምሮ ራዳርን ትቶ ካሜራን ብቻ ይዟል፤ ክርክሩም «ሰው በሁለት ዓይኑ ብቻ ይነዳ የለምን?» የሚል ነው። የሌሎቹ መልስ ደግሞ «ሰውም በጭጋግና በፀሐይ ነጸብራቅ ይሳሳታል፤ መኪናው ከሰው የተሻለ እንዲያይ ለምን አናደርገውም?» የሚል ነው።

ለ) ጄኔራል ሞተርስና ፎርድ። ጄኔራል ሞተርስ በ2017 በካዲላክ ላይ «ሱፐር ክሩዝ» የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ይህ መሣሪያ አስቀድመው በትክክል ተለክተው ካርታቸው በተነሣ አውራ ጎዳናዎች ላይ ብቻ ይሠራል። ነጂው እጁን ከመሪው ላይ ሊያነሣ ይችላል፤ ዓይኑን ግን አይችልም፤ ፊት ለፊቱ ያለች ትንሽ ካሜራ የዓይኑን አቅጣጫ ትከታተላለችና። ፎርድም በ2021 ተመሳሳይ መሣሪያ አወጣ። በእኛ ሚዛን እነዚህም ከገደሉ ወዲህ ያሉ የ2ኛ ደረጃ መሣሪያዎች ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ሰውዬው ኃላፊ መሆኑን በስም አልሸፈኑበትም። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ በ2024 የፎርድ መሣሪያ የሚሠራባቸው መኪናዎች በሌሊት በአውራ ጎዳና ላይ የቆሙ መኪናዎችን ገጭተው ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያቋቋሙት የመንገድ ደኅንነት ተቋም 14 የሚያህሉ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ነጂውን ነቅቶ እንዲጠብቅ ምን ያህል ያስገድዱታል ብሎ ሲፈትን፣ ደኅና ነው የሚል ውጤት ያገኘው የሌክሰስ መሣሪያ ብቻ ነበር፤ በጣም ጥሩ የተባለ አንድም አልተገኘም።

ሐ) ሆንዳ፣ መርሴዲስና ቢኤምደብልዩ። ገደሉን መጀመሪያ የተሻገረው ሆንዳ ነው። በመጋቢት 2021 በጃፓን 100 መኪናዎችን ብቻ በኪራይ አወጣ፤ መኪናዎቹ በተጨናነቀ አውራ ጎዳና ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት በ3ኛው ደረጃ ይነዱ ነበር። ከዚያ በፊት አውዲ በ2017 ይህንኑ አደርጋለሁ ብሎ አውጆ፣ በ2020 ሐሳቡን ትቶታል። መርሴዲስ በ2021 መጨረሻ ከጀርመን መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ በ2022 መሣሪያውን ሸጠ። ሁኔታው ጠባብ ነበር፤ በአውራ ጎዳና ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ አየሩ ጥሩ ሲሆን፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት። በ2024 መጨረሻ በጀርመን እስከ 95 ኪሎ ሜትር ተፈቀደለት። ቢኤምደብልዩም በ2024 በጨለማ ጭምር የሚሠራ የራሱን አቀረበ።

ብዙ ሰዎች በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሥቃሉ። እኛ ግን አንሥቅም። መርሴዲስ መሣሪያው እንደ ታቀደለት በሚሠራበት ጊዜ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነቱን እንደሚቀበል በይፋ ተናግሯል። ስድሳ ኪሎ ሜትር በዋስትና ሲሆን፣ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያለ ዋስ ከሚሆን ይበልጣል ብለን እናምናለን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ነው።

መ) ዌይሞና ክሩዝ። ዌይሞ መኪና አይሠራም፤ ነጂውን ብቻ ነው የሚሠራው። ሥራው በ2009 በጉግል ውስጥ ተጀመረ። በሌሎች ኩባንያዎች መኪናዎች ላይ ካሜራ፣ ራዳርና ላይዳር ይገጥማል፤ ላይዳር የማይታይ የብርሃን ጨረር ወርውሮ ጨረሩ እስኪመለስ በሚወስደው ጊዜ ርቀትን የሚለካ መሣሪያ ነው። በጃጓር መኪናዎቹ ላይ 29 ካሜራዎች፣ 6 ራዳሮችና 5 ላይዳሮች ነበሩ። በ2020 በፊኒክስ አካባቢ በነጂው ወንበር ላይ ማንም የማይቀመጥበትን ታክሲ ለሕዝብ ከፈተ፤ በግንቦት 2025 ደግሞ ገንዘብ የተከፈለባቸው ጉዞዎች ከ10 ሚሊዮን አለፉ። ይህ 4ኛው ደረጃ ነው፤ ተሳፋሪው ከኋላ ተቀምጦ ሳለ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው ወደ ሰው ጣቱን ሊቀስር አይችልም። ሆኖም መኪናው ካርታው ከተነሣለት ክልል አይወጣም፤ ሲቸግረውም ከሩቅ ሆነው የሚመክሩት ሰዎች አሉት። ስሕተትም አላጣውም፤ በ2025 ልጆች ለማሳፈርና ለማውረድ የቆመን የትምህርት ቤት አውቶቡስ አልፎ በመሄዱ ሶፍትዌሩን ለማረም ተገዷል።

በዚሁ መንገድ ይሮጥ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ልጅ ክሩዝ ግን መጨረሻው አላማረም። በጥቅምት 2023 በሳን ፍራንሲስኮ በሰው የሚነዳ ሌላ መኪና የገጫት አንዲት መንገደኛ ከክሩዝ መኪና ፊት ወደቀች። መኪናው ገጭቷት ቆመ፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ዳር ለመውጣት ሲል ከሥሩ ያለችውን ሴት 6 ሜትር ያህል ጎተታት። ኩባንያው ነገሩን ለባለሥልጣኖች በሙሉ አልገለጠም ተብሎ ፈቃዱ ታገደ፤ በታኅሣሥ 2024ም ጄኔራል ሞተርስ ለታክሲው ሥራ ገንዘብ መስጠቱን አቆመ። የወጣበት ወጪ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይህ ነው። የክሩዝን በር የዘጋው ግን መኪናው መሳሳቱ ብቻ አልነበረም፤ እውነቱ ሳይሸራረፍ አለመነገሩም ጭምር ነው።

ሠ) የቻይና ኩባንያዎች። በቻይና ባይዱ በዉሃንና በሌሎች ከተሞች ነጂ የሌላቸው ታክሲዎችን ያሠራል። ቢዋይዲ ደግሞ በየካቲት 2025 «የአምላክ ዓይን» የተባለውን አጋዥ መሣሪያ ዋጋ ሳይጨምር በርካሽ መኪናዎቹ ላይ ሳይቀር እንደሚያደርግ አወጀ። በሚቀጥለው ወር በአንሁይ ክፍለ ሀገር የሻኦሚ ኩባንያ መኪና አጋዥ መሣሪያው እየነዳው በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር ሲበር፣ ለመንገድ ሥራ የተዘጋ ቦታ ደረሰ። መሣሪያው ነጂዋን አስጠንቅቆ መሪውን ባስረከባት ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ መኪናው ከግንብ ጋር ተጋጨ፤ ሦስት ተማሪዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ የቻይና መንግሥት ኩባንያዎቹ በማስታወቂያ ላይ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርገው እንዳይናገሩ አዘዘ።

፬፤ መካከለኛው ቦታ ለምን ይገድላል?

ከላይ የተዘረዘሩትን አደጋዎች ያስተዋለ አንባቢ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ብዙዎቹ የደረሱት መኪናው ምንም በማይችልበት ጊዜ ሳይሆን፣ ብዙ ችሎ ጥቂት በጎደለው ጊዜ ነው። ምክንያቱ በመሣሪያው ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በሰው አእምሮም ውስጥ ነው።

ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1948 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎችን አንድ የሚዞር የሰዓት ዘንግ ለሁለት ሰዓት እንዲመለከቱ፣ ዘንጉ አልፎ አልፎ ድርብ እርምጃ ሲዘል ብቻ ምልክት እንዲሰጡ አዘዛቸው። የጥናቱ ዓላማ የጦር አውሮፕላን ራዳር ጠባቂዎች የባሕር ውስጥ መርከብ ምልክት ለምን እንደሚያመልጣቸው ለማወቅ ነበር። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ትጋታቸው በጣም ቀነሰ። እንግዲህ ሰው መሥራት ይችላል፤ ማረፍም ይችላል፤ ምንም ሳይሠራ ለረጅም ጊዜ ነቅቶ መጠበቅ ግን ተፈጥሮው አይደለም። 2ኛው ደረጃ ከሰው የሚጠይቀው ይህንኑ የማይችለውን ነው። መሣሪያው እየተሻሻለ በሄደ መጠን ሰውዬው ይበልጥ ይዘናጋል፤ ስለዚህ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ የማይሳሳት መኪና በመቶኛው ጊዜ የሚያገኘው የተኛ ነጂ ነው።

በመጋቢት 2018 በአሪዞና የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። የኡበር ኩባንያ የሚሞክረው መኪና መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መሣሪያው ሴትዮዋን ከ5 ሴኮንድ በላይ አስቀድሞ አይቷት ነበር፤ አንድ ጊዜ ተሽከርካሪ፣ አንድ ጊዜ ብስክሌት እያለ ግን ምን እንደ ሆነች ሳይወስን ቀረ። እንድትጠብቅ የተቀመጠችውም ሠራተኛ ስልኳን ትመለከት ነበር። በኋላ ፍርድ ቤት ቀርባ ጥፋተኛ የተባለችው ሠራተኛዋ ናት፤ ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም። የምንመዝንበት ጥያቄ ቀላል አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። መሣሪያውን የሠሩት ብዙዎች ነበሩ፤ ተጠያቂ የሆነው ግን ወንበሩ ላይ የተገኘው አንድ ሰው ነው።

በነሐሴ 2025 ግን ሌላ ዓይነት ፍርድ ተሰማ። በ2019 በፍሎሪዳ በደረሰ የቴስላ አደጋ በማያሚ የተሰየሙት የሕዝብ ዳኞች ነጂው አብዛኛውን ጥፋት ቢይዝም ኩባንያው አንድ ሦስተኛውን ይሸከማል ብለው፣ 243 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረዱ። ገደሉ በመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤትም እየተለካ መሆኑን ይህ ያሳያል።

፭፤ ማጠቃለያ

እንግዲህ ማን ቀደመ? በስፋት ካየን ቴስላና የቻይና ኩባንያዎች ቀድመዋል። ነጂ በሌለበት መንዳት ካየን ዌይሞና ባይዱ ቀድመዋል። ለግል ተጠቃሚ በቀረበ መኪና ላይ ወደ 3ኛው ደረጃ በመሻገር ካየን ሆንዳ በር ከፈተ፤ መርሴዲስና ቢኤምደብልዩ ተከተሉ። እንደ እኛ ሚዛን ግን እድገት ማለት ሠሪው «በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት፣ እኔ ነኝ ተጠያቂው» ለማለት የሚደፍርበት መንገድ ርዝመት ነው። ከዚያ በመለስ ያለው ሁሉ ጥሩ አጋዥ ሊሆን ይችላል፤ ነጂ ግን አይደለም።

ይህን ስንል አጋዦቹን ለማቃለል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። በራሱ ፍሬን የሚይዘው መሣሪያ ብዙ ነፍስ ያድናል፤ ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ እንዲኖር አስገድዷል።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል፤ አንዳንዶቹም መስመር የሚጠብቅና ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ አላቸው። መሣሪያው የተማረው ግን ቀለሙ ባልተፋቀ መስመር ላይ ነው፤ በግና አህያ፣ ጋሪና እግረኛ ባንድነት የሚሄዱበትን ጎዳና አላየም። ስለዚህ በመካከላችን ያሉ የምሕንድስና ተማሪዎች መሣሪያው በእኛ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚሠራ እንዲመረምሩ፣ የሕግ ተማሪዎችም እንዲህ ያለ መኪና ሰው ቢገጭ ዳኛው ማንን እንደሚጠራ ከአሁኑ እንዲያስቡ እናሳስባለን። ሌሎቻችን ደግሞ በእንዲህ ያለ መኪና ስንሳፈር፣ ወይም ወንድማችን ገዝቶ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ሲያሳየን፣ ከማድነቃችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ «ወንድሜ፣ አሁን ሕፃን ልጅ መንገድ ውስጥ ቢገባ የሚጠየቀው ማን ነው?» መልሱ «እኔ» ከሆነ፣ እጁን ወደ መሪው ይመልስ።